ልጆች ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁ

እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ ምድር በተሻገረ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲወሰዱ ኢያሱን አዘዘው። ድንጋዮቹ በጌልገላ ቆሙ። ምክንያቱ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ ተገልጿል፦ አንድ ቀን ልጆች አባቶቻቸውን ስለ ድንጋዮቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ አባቶችም መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ልብ በሉ፤ ድንጋዮቹ የቆሙት ለሚያውቁት ሰዎች አይደለም። ውሃው ሲቆም በዓይኑ ያየ ሰው ማስታወሻ አያስፈልገውም። የቆሙት ገና ላልተወለደው፣ ሳያይ ለሚጠይቀው ልጅ ነው።

እንግዲህ ሐውልት ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ነው። ያቆሙት ሰዎች ያልፋሉ፤ ድንጋዩ ግን በእነርሱ ፋንታ ቆሞ ለልጅ ልጆቻቸው ይናገራል። ስለዚህ ስለ አንድ ሐውልት ልንጠይቅ የሚገባን የመጀመሪያው ነገር ማማሩ ወይም ዕድሜው አይደለም። “ለሚጠይቀው ልጅ የሚሰጠው መልስ እውነት ነው ወይ?” ብለን ነው መጠየቅ ያለብን። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ይዘን በአሜሪካ፣ በቴኔሲ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ፍራንክሊን ከተማ እንሄዳለን። የምንሄደውም ይህንኑ ጥያቄ በገዛ አደባባያቸው የተጋፈጡ የወንጌል አገልጋዮች እዚያ ስላሉ ነው።

በአደባባዩ መካከል ያለው ወታደር

ፍራንክሊን ከናሽቪል በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በናሽቪልና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ በአደባባይዋ አልፈው ይሆናል። ከተማዋ ዛሬ ሰፍታለች፤ መሀሏ ግን የትንሽ ከተማ መልኩን እንደያዘ ነው። በአደባባዩ ዳር ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት የተሠራው አሮጌ ፍርድ ቤት አለ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአደባባዩ መካከል፣ በረጅም ዓምድ ላይ አንድ የድንጋይ ወታደር ቆሟል። የባርኔጣው ጠርዝ ስለ ተሸረፈ የከተማው ሰዎች “ቺፕ” ብለው ይጠሩታል፤ “ሽርፉ” እንደ ማለት ነው።

ወታደሩ የኮንፌዴሬቶች ማለትም ከአሜሪካ ተገንጥለው የራሳቸውን መንግሥት ያቆሙት የ11 ደቡብ ግዛቶች ወታደር ነው። ጦርነቱ ከ1861 እስከ 1865 ቆየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከ600,000 በላይ ሰዎች ሞቱበት። ጦርነቱ ሲጀመር በአገሪቱ ውስጥ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1864፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ የደቡብ ወታደሮች ገላጣውን ሜዳ አቋርጠው በፍራንክሊን ምሽግ ላይ ዘመቱ። በአምስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። ከጄኔራሎቻቸው ስድስቱ በዚያ ውጊያ ሕይወታቸውን አጡ። የከተማዋ ቤቶች በቁስለኛ ተሞሉ። ልክ በ35ኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ በ1899 የድንጋዩ ወታደር ተመረቀ። ያቆሙትም “የኮንፌዴሬሲው ሴት ልጆች” የተባለው ማኅበር አባላት ነበሩ።

ማልቀስና ማመስገን

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር እንቀበል። እነዚያ ሴቶች አባትና ወንድም፣ ባልና ልጅ የቀበረ ትውልድ ልጆች ነበሩ። ሐዘናቸው የውሸት አልነበረም። ታዲያ ክርስቲያን በክፉ ዓላማ ስር ተሰልፎ ለሞተ ሰው ማልቀስ ይችላል?

ይችላል። አቤሴሎም በአባቱ ላይ ዐመፀ፤ የአባቱንም ነፍስ ፈለገ። ሞቱ በተሰማ ጊዜ ግን ዳዊት እያለቀሰ ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ በእርሱ ፋንታ ልሙት እስከ ማለትም ደረሰ (2ኛ ሳሙኤል 18)። ሳኦልም ዳዊትን እንደ ቆቅ በተራራ ሲያሳድደው ኖሮ ነበር፤ በሞተ ጊዜ ዳዊት አለቀሰለት፣ ጀግንነቱንም አነሣ (2ኛ ሳሙኤል 1)። ፍቅር የሟቹን የፖለቲካ አቋም መርምሮ አይደለም የሚያለቅሰው። ነገር ግን ዳዊት ያላደረገውንም እንይ። አቤሴሎምን ስላለቀሰለት ዐመፁን ጽድቅ ብሎ አልጠራም። ሳኦልን ስላከበረው ያ ሁሉ ማሳደድ ልክ ነበር አላለም። እንባው እውነትን አልሸፈነበትም።

ፍራንክሊን ለእንባው ቦታ ነበራት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካርንተን በሚባለው የእርሻ ቦታ፣ የማክጋቮክ ቤተሰብ ከራሱ መሬት ቆርሶ ሰጠ፤ በ1866 ወደ 1,500 የሚጠጉ የደቡብ ወታደሮች አፅም ከየሜዳው ተለቅሞ እዚያ ዐረፈ። የቤቱ እመቤት ኬሪ ማክጋቮክ የሟቾቹን ስም የያዘውን መዝገብ ጠበቀች። ይኸው ቤተሰብ ግን ሰዎችን በባርነት ይዞ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ነው። ቢሆንም በመቃብር ስፍራ ላይ ራስን ገልጦ ዝም ማለት ለማንም ተገቢ ነው። የሰው ልጅ ሞቶ የተቀበረበት ነውና።

የአደባባዩ ወታደር ግን በመቃብር ላይ አልቆመም። የቆመው በፍርድ ቤት ፊት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። መቃብር “ይህን ሰው አጥተናል” ይላል። በአደባባይ፣ በከፍታ ላይ የቆመ ሐውልት ግን “ይህን ሰው ምሰሉ” ይላል። አንዱ ሐዘን ነው፤ ሌላው ውዳሴ ነው። ሐዘን ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ውዳሴ ግን ለምን እንደ ተሰጠ መመርመር አለበት።

የፍርድ ቤት ደጅ

ፍርድ ቤት ባለጠጋውና ድኻው፣ ባላገሩና መጻተኛው እኩል የሚቆሙበት ቤት መሆን ይገባዋል። በሙሴ ሕግ እግዚአብሔር ዳኞችን ደጋግሞ ያዘዘው ፊት አይተው እንዳያዳሉ ነው። ስለዚህ በፍርድ ቤት ደጅ የሚቆም ነገር ተራ ጌጥ አይደለም። ለሚገባው ሁሉ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ይነግረዋል።

በዚያው አደባባይ ምን እንደ ተደረገ እንስማ። ከጦርነቱ በፊት በፍርድ ቤቱ አካባቢ ሰው ይሸጥ ነበር፤ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ የሚለይበት ገበያ ነበር። ጦርነቱ አልፎ ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላም፣ በኦገስት 1888፣ ኤሞስ ሚለር የተባለ የ23 ዓመት ጥቁር ወጣት ችሎት ላይ ሳለ መንጋ ገብቶ ጎትቶ አወጣው፤ ፍርድ ሳይሰጥ በዚያው በፍርድ ቤቱ ሰገነት ላይ ሰቀለው። ከዚያ 11 ዓመት በኋላ ነው ለባርነት መንግሥት የተዋጋው ወታደር በፍርድ ቤቱ ፊት የቆመው። በደቡብ ግዛቶች ሁሉ እንዲህ ያሉት ሐውልቶች የበዙት ጦርነቱ ባለቀ ማግስት ሳይሆን ከ1890ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ባሉት ዓመታት ነው። ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን የተነጠቁበት፣ በትምህርት ቤትና በባቡር ሳይቀር በሕግ የተለዩበት ዘመን ነበር።

አሁን ሁለት ልጆች በዚያ አደባባይ ቆመው ወላጆቻቸውን ስለ ድንጋዩ ቢጠይቁ አስቡ። አንዱ የወታደሩ የልጅ ልጅ ነው፤ “አያትህ ጀግና ነበር” ይባላል። ሁለተኛው እዚያ የተሸጠች ሴት የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ምን ትበለው? ድንጋዩ ለመጀመሪያው ልጅ ግማሽ እውነት ይነግረዋል፤ ለሁለተኛው ግን አንተ በዚህ ከተማ ታሪክ ውስጥ የለህም ይለዋል። የሚጎዳውም ሁለተኛው ብቻ አይደለም። አያቱ ጀግና እንደ ነበር ብቻ የተነገረው ልጅ፣ የተወለደበትን ቤት በግማሽ አውቆ ያድጋል።

“በዘመናቸው ማን ያውቅ ነበር?”

ወጣቶች እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነሣ አንድ ተቃውሞ ያነሣሉ፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። “እነዚያ ሰዎች የዘመናቸው ልጆች ነበሩ። በዛሬ ዓይን ልንፈርድባቸው አይገባም።”

እርግጥ ትሕትና ያስፈልጋል። ነገር ግን “ዘመናቸው” ስንል የማንን ዘመን ማለታችን ነው? በዚያው ካውንቲ፣ በዚያው ዓመት፣ በሰንሰለት ላይ የነበሩትም በዘመኑ ይኖሩ ነበር። ባርነት ክፉ መሆኑን ለማወቅ እስከ እኛ ዘመን አልጠበቁም። ከጌቶቻቸው አምልጠው ለነጻነት የተዋጉ ነበሩ፤ 180,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች በሰሜኑ ጦር ተሰልፈዋል፤ ከፍራንክሊን አካባቢም የተመዘገቡ ነበሩ። “በዘመናቸው ማንም አያውቅም ነበር” የምንል ከሆነ፣ እነዚህን ሰዎች ከ“ማንም” ውስጥ አላስገባናቸውም ማለት ነው።

ደግሞም ያወቁት ባሪያዎቹ ብቻ አልነበሩም። የኮንፌዴሬሲው ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 1861 በጆርጂያ ግዛት፣ በሳቫና ከተማ ባደረገው ንግግር የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ምን እንደ ሆነ በግልጽ ተናገረ፤ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር እኩል አለመሆኑ ነው አለ። ግንበኞች ስለ ናቁት ድንጋይ የሚናገረውን የመዝሙረ ዳዊት ቃልም ለዚሁ ጠቀሰው። ሐዋርያት ያ ቃል ስለ ክርስቶስ እንደ ሆነ መስክረዋል። ስቲቨንስ ግን የክርስቶስን ስፍራ ለባርነት ሰጠው። ይህ ካለማወቅ የሆነ ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል። መጽሐፉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እዚህ ጋር ቆም ማለት ግድ ነው። በአሜሪካ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1844፣ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በ1845 በዚሁ በባርነት ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነቡና ወደ አንድ አምላክ እንደሚጸልዩ አስታውሷል። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችን መኖሩ ብቻውን እንደማያድነን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው። በ1845 ባርነትን ደግፎ የወጣው የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995፣ ከ150 ዓመት በኋላ ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ንስሐ ከነጭራሹ ከመቅረት ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ ይሻላል።

ከሐውልቱ ጀርባ የሚሰማ ድምፅ

በ1ኛ ሳሙኤል 15 ሳኦል አማሌቅን ድል ካደረገ በኋላ በቀርሜሎስ ለራሱ መታሰቢያ እንዳቆመ እናነባለን። ወዲያው ሳሙኤልን ሲያገኘው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ አለው። ሳሙኤል ግን የበጎችና የበሬዎች ድምፅ ሰማ፤ ይህ ታዲያ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። መታሰቢያው ታዛዥ ነበርሁ ይላል፤ ከኋላው ያለው ድምፅ ደግሞ አልታዘዝህም ይላል።

ስለ ሐውልት የማውቀው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ብዙ ሐውልቶች ጀርባቸው ላይ ድምፅ አለ። የነቢይ ሥራ ድንጋዩን መሳደብ አይደለም፤ ድምፁን መስማትና “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ነው።

በኦገስት 2017 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሻርለትስቪል ከተማ በአንድ የኮንፌዴሬት ሐውልት ምክንያት ደም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ በፍራንክሊን ሦስት መጋቢዎች፣ ሂዊት ሶየርስ፣ ክሪስ ዊሊያምሰንና ኬቪን ሪግስ፣ ከታሪክ ሰው ከኤሪክ ጄከብሰን ጋር ሆነው ሥራ ጀመሩ። ከመጋቢዎቹ ሁለቱ ጥቁሮች፣ አንዱ ነጭ ናቸው። ሥራቸውንም “ሙላት ያለው ታሪክ” በሚል መንፈስ ሰየሙት። በ2019 በአደባባዩ ላይ ስለ ባሪያ ገበያው፣ ስለ ጥቁር ወታደሮቹና ከጦርነቱ በኋላ ስለ ሆነው የሚናገሩ የታሪክ ሰሌዳዎች ቆሙ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ በአሮጌው ፍርድ ቤት ፊት የአንድ ጥቁር ወታደር የነሐስ ሐውልት ተመረቀ። የ1899ኙ ወታደር ግን ከቦታው አልተነሣም።

ሌሎች ከተሞች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በፒትስቦሮ ከተማ፣ ከ1907 ጀምሮ በፍርድ ቤቱ ፊት የቆመው የኮንፌዴሬት ሐውልት በኖቬምበር 2019 ተነሥቷል። በቴኔሲ ግን እንዲህ ያለውን ሐውልት ማንሣት በሕግ እጅግ ከባድ ተደርጓል።

ማንሣት ይሻላል ወይስ መጨመር? መጽሐፍ ቅዱስ ለሁለቱም ምሳሌ አለው። ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ሰባበረው፤ ሕዝቡ ያጥንለት ነበርና (2ኛ ነገሥት 18)። መልካም መነሻ የነበረው ነገር እንኳ ጣዖት ሲሆን ይሰበራል። በሌላ በኩል ቅዱሳት መጻሕፍት የዳዊትን ታላቅነትና የኦርዮንን ደም ጎን ለጎን ጽፈው ትተውልናል፤ የማቴዎስ ወንጌልም ያንን ስም ከጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ አላወጣውም። ለእኔ የሚታየኝ ይህ ነው፦ ሰዎች ለድንጋዩ የሚያጥኑለት ከሆነ ይነሣ። ቆሞ እውነትን እንዲናገር ማድረግ ከተቻለ ደግሞ እውነቱ ይጨመርበት። በሁለቱም መንገድ የማይፈቀደው ዝምታው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መጨመር ማለት ማመጣጠን አይደለም። ሁለት ወታደሮች በአንድ አደባባይ ስለ ቆሙ ሁለቱ ዓላማዎች እኩል አይሆኑም። አንዱ ሰውን በባርነት ለማቆየት ለተነሣ መንግሥት ተዋጋ፤ ሌላው ለነጻነት ተዋጋ። ዛሬም በረጅሙ ዓምድ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የ1899ኙ ነው። አያቱ በዚያ የተሸጠችበት ሰው “ይህ አይበቃም” ቢል፣ “አንተ ደግሞ ምን ቀረህ?” ልንለው አይገባም። ኤርምያስ በምዕራፍ 6 የወቀሳቸው ነቢያት ኃጢአታቸው የሕዝቡን ስብራት በጥቂቱ መፈወሳቸው፣ ሰላም ሳይኖርም ሰላም ነው ማለታቸው ነበር። ቁስል የሚያመረቅዘው ሲታጠብ አይደለም፤ ሳይታጠብ ሲሸፈን ነው።

የእኛ ድንጋዮች

ይህን አንብቦ “አሜሪካውያን እንዲህ ናቸው” ብሎ መጽሔቱን ማጠፍ ቀላል ነው። ጌታ ግን በማቴዎስ 23 እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ አግኝቶታል። የነቢያትን መቃብር እየሠሩ፣ በአባቶቻችን ዘመን ብንኖር ኖሮ በደማቸው አንተባበርም ነበር የሚሉትን ገሠጻቸው። የሩቁን ኃጢአት ማየት የቅርቡን እንዳናይ ሊያደርገን ይችላል።

እኛም ጦርነት ያየን፣ አሁንም ሐዘን ያልወጣንበት ሕዝብ ነን። በየቤታችን፣ በየሰፈራችን፣ በየቋንቋችን መታሰቢያ አለን። ሁሉም ከድንጋይ የተሠራ አይደለም፤ አንዳንዱ ዘፈን ነው፣ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነው፣ አንዳንዱ እራት ላይ የሚነገር ታሪክ ነው። በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ የእኛ ሰው ሁልጊዜ ጀግና፣ የእኛ ሟች ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ስለ ሟቻችን ማልቀስ ይገባናል። ነገር ግን ከታሪካችን ጀርባ የማን ድምፅ ይሰማል? በእኛ ወገን እጅ የወደቀው የሌላው እናት ልጅ በየትኛው ታሪካችን ውስጥ ይነሣል?

በወጣቶች ኅብረታችሁ ውስጥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ልዩ ልዩ ሐዘን ይዘው የመጡ ልጆች አብረው ይዘምራሉ። ብዙ ጊዜ አንድነታችንን የምንጠብቀው ስለ ሐዘናችን ባለመነጋገር ነው። እርሱ ግን ገና ዕርቅ አይደለም። በኤፌሶን 2 ጳውሎስ ስለ ፈረሰው የጥል ግድግዳ ሲናገር፣ ግድግዳው በመስቀሉ ፈረሰ ይላል። መስቀሉ ደግሞ ኃጢአት በስሙ የተጠራበት፣ ኃጢአተኛውም የተወደደበት ስፍራ ነው። ለዚህ ነው የወንጌል ሰው እውነትን ሊፈራ የማይገባው። ጽድቁ ከአያቶቹ ንጽሕና የመጣ አይደለምና፣ የአያቶቹ በደል ቢነገር የሚያጣው ነገር የለም።

ወደ ጌልገላ ድንጋዮች እንመለስ። አንድ ነገር አሳልፈናል። ልጆቹ ሲጠይቁ አባቶች እንዲናገሩ የታዘዙት ስለ እስራኤል ጀግንነት አልነበረም። እግዚአብሔር ውሃውን እንዳደረቀ፣ እነርሱም በምሕረቱ እንደ ተሻገሩ ነው። በዚያ መታሰቢያ ውስጥ ሕዝቡ የዳነ እንጂ ያዳነ አይደለም። በዚህ ሳምንት ከአያታችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ያለፉበትን ጠይቁ፤ ሳታቋርጡም ስሙ። ከዚያም በኅብረታችሁ ካለው፣ ከሌላ ቤት ከመጣው ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ። ሁለቱ መልሶች ላይገጥሙ ይችላሉ። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ከጠረጴዛው አትነሡ።